ባለቤታችሁ ከጭንቅላት ኦፕራሲዮን በኋላ ካልነቃ፦ ለአስታማሚ የሚሆን ምክር

ሰው ከኮማ የሚነቃው አንድ ቀን ጠዋት አይኑን ገልጦ "የት ነው ያለሁት" ብሎ አይደለም። ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ምንም፣ ከነገ ወዲያ ደሞ ሌላ ትንሽ፣ አንዳንዴም ወደኋላ ይመለሳል። ይሄን ማንም ያልነገረው ቤተሰብ ይቸኩላል፣ ቶሎ ውሃ እናቅምሰው፣ ቶሎ እናናግረው፣ ቶሎ ቤት እንውሰደው ይላል፣ እና በሽተኛው ላይ ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ችኮላ ነው። ስለዚ የባል ወይ የሚስት ዋናው ስራ የራስንም የዘመድንም ችኮላ መያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሄን የምጽፈው ባለቤቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ አዲስ አበባ ሳስታምመው ከሀኪሞቹና ከነርሶቹ የተማርኩትን፣ ኮሪደር ላይ ከሌሎች አስታማሚዎች የሰማሁትንና በኋላ ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ ነው። "እሱ" እያልኩ እጽፋለሁ፣ ሚስቱን ለሚያስታምም ባልም ያው ነው። ሀኪማችሁ ሌላ ካላችሁ የሀኪማችሁን ስሙ፣ ሲቲ ስካኑን ያየው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው

ከኦፕራሲዮን ወጥቶ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ሲገባ ሁላችንም "መቼ ይነቃል?" ብለን ነው የምንጠይቀው፣ ለዚህ ጥያቄ ደሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርግጠኛ መልስ ያለው ሀኪም የለም። ከሱ በፊት "አሁን በመድሃኒት ነው የተኛው ወይስ መድሃኒቱ ቆሞ ነው ያልነቃው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ከጭንቅላት ኦፕራሲዮን በኋላ አእምሮ ያብጣል፣ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው፣ እና በዛን ጊዜ አእምሮው እንዲያርፍ ሆን ብለው እንደ ፕሮፖፎል ወይ ሚዳዞላም ባለ መድሃኒት ያስተኙታል። መድሃኒቱ ከቆመ በኋላም ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፣ ኩላሊት ወይ ጉበት ከደከመ ደሞ ይብሳል። "ማስተኛውን አቁመናል" በተባለ በሰአታት ውስጥ ስላልነቃ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

ራውንድ ላይ፣ ሀኪሞቹ በሽተኛውን እየዞሩ ሲያዩ፣ ጂሲኤስ ሲሉ ትሰማላችሁ፣ ግላስጎ ኮማ ስኬል ማለት ነው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ግላስጎ ከተማ ውስጥ ቲስዴልና ጄኔት የሚባሉ ሁለት ሀኪሞች ያወጡት መለኪያ። አይን ከ4፣ ንግግር ከ5፣ እንቅስቃሴ ከ6፣ ሲደመር ሙሉው 15 ነው፣ ዝቅተኛው ደሞ 3 ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። 8ና ከዛ በታች ኮማ ይባላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ያለበት ሰው ማውራት ስለማይችል የንግግሩ ነጥብ አይለካም፣ ስለዚ ድምሩ ዝቅ ብሎ ቢነገራችሁ ወዲያው አትደንግጡ፣ "እንቅስቃሴው ከስድስት ስንት ነው? ትናንትስ ስንት ነበር?" በሉ። የእንቅስቃሴው ነጥብ ነው ብዙ የሚናገረው።

ደብተር ግዙ። ቀን፣ ማን ምን አለ፣ የትኛው መድሃኒት ተጀመረ የትኛው ቆመ፣ ምን ተገዛ። ሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሀኪሞች) ይቀያየራሉ፣ እናንተ አትቀየሩም፣ እና ከሶስት ሳምንት በኋላ "ትኩሳት መቼ ጀመረው?" ሲባል መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው። የታዘዘ መድሃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ የመንግስት የሆኑትን ፋርማሲዎች፣ እነ ከነማን፣ መጀመሪያ ሞክሩ፣ ዋጋው ይለያያል፣ ማዘዣውንም ደረሰኙንም ፎቶ አንሱ። ደም ከተጠየቀም ገና ሳይቸግር የሚሰጡ ዘመዶችን ስም ያዙ።

ደሞ ዘመዱን ሁሉ በስልክ ስታናግሩ ትሞታላችሁ። አንድ ሰው፣ ወንድሙን ይሁን እህታችሁን፣ ቃል አቀባይ አርጉ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ይክፈትና ማታ ማታ አንድ መልእክት ይጻፍ፣ አሜሪካ ያለውም ዱባይ ያለውም እዛው ያንብብ።

አፉ ውስጥ ምንም እንዳይገባ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ አይችልም። ውሃ አፉ ውስጥ ብታደርጉለት ጉሮሮው ያለበትን አያውቅም፣ ትን እንኳን ሳይለው ዝም ብሎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ከዛ የሳንባ ምች ይሆናል፣ ጭንቅላቱ ሊድን የነበረ ሰው በሳንባው ይሄዳል። ይሄ የሚሆነው ደሞ ብዙ ጊዜ በሚወዱት ሰዎች እጅ ነው። እናቱ ከንፈሩ ደርቆ ስታይ አንጀቷ አይችልም፣ ከገዳም ድረስ ጸበል ተይዞ ይመጣል፣ ሙስሊም ቤተሰብ ደሞ ዘምዘም ይዞ ይመጣል፣ ነርሷ ዞር ስትል በማንኪያ ጠብ ይደረግለታል። እኔ ሰው እምነቱን ይተው አልልም፣ እኔም አልተውኩም። ጸበሉን በጣታችሁ ግንባሩ ላይ ወይ እጁ ላይ ቀቡት፣ መስቀል አሳርፉበት፣ ጸልዩለት፣ ቅባ ቅዱስም ይቻላል፣ ቁስሉ ያለበትን ቦታና ፋሻውን ብቻ አታርጥቡ። አፉን ግን አትንኩ። ከንፈሩ ከደረቀ ቫዝሊን ቀቡት፣ የአፉን ውስጥ ደሞ ሲስተሯ እንደምታሳያችሁ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጎዝ ጠርጉለት። እናቱን ለብቻ ወስዳችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዷቸው፣ "እማዬ ውሃው ሆዱ ጋ አይደርስም፣ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው" በሏቸው፣ ይገባቸዋል።

ምግቡ የሚሄደው በአፍንጫው በገባው ቱቦ ነው። ሆስፒታሉ ሲፈቅድላችሁና ነርስ እያየች አንዴ ካሳየቻችሁ በኋላ እናንተም ትችላላችሁ፣ እንዲህ ነው። የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አርጉ። ቱቦው አፍንጫው ጋ ምልክት ወይ ፕላስተር አለው፣ ከትናንቱ ቦታ ወጥቶ ከሆነ ምንም ሳትሰጡ ነርስ ጥሩ። አጥሚቱ ወይ ሾርባው በደንብ ተፈጭቶ በቀጭን ወንፊት መጠለል አለበት፣ ትንሽ ጓጓላ ካለው ቱቦውን ይደፍነዋል። ለብ ያለ ይሁን፣ በትልቁ ስሪንጅ ቀስ እያለ በራሱ ይውረድ፣ በሃይል አትግፉ። ሲያልቅ ንጹህ ውሃ አስከትሉና ቱቦውን እጠቡት። ከዛ ግማሽ ሰአት እስከ አንድ ሰአት እንደተቀና ይቆይ። ካሳለ፣ ከከበደው ወይ ፊቱ ከጠቆረ ወዲያው አቁሙ። በአንዴ ስንት እንደሚሰጥና በስንት ሰአቱ እንደሚሰጥ ሀኪሙ ይንገራችሁ፣ "ከስቷል" ብሎ መጨመር የለም። ፌኒቶይን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድሃኒት በቱቦ የሚወስድ ከሆነ ደሞ ከምግብ ጋር ሲሆን በደንብ አይሰራም፣ በመሃል ስንት ሰአት ክፍተት ይኑር ብላችሁ ጠይቁ።

ሰውነቱን መጠበቅ

አይሲዩ ውስጥ ነርሶቹ ያረጉታል፣ ዋርድ ሲወጣ ግን አብዛኛው የአስታማሚ ስራ ነው። በየሁለት ሰአቱ ጎኑን ማገላበጥ፣ ሌሊትም ጭምር። ወገቡ ስር፣ ተረከዙ፣ ክርኑ፣ የዳሌው አጥንት ላይ ቀላ ያለ ነገር ካያችሁ የአልጋ ቁስል ሊጀምር ነው፣ በዛ ጎን አታስተኙት። አየር ፍራሽ መከራየት ወይ መዋስ ከቻላችሁ ጥሩ፣ ግን ማገላበጡን አያስቀርም። የራስ ቅሉ አጥንት ተነስቶ ከሆነ (እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ ብለው ያነሱታል፣ አንዳንዴም አጥንቱን ሆዱ ቆዳ ስር ያስቀምጡታል፣ ሆዱ ላይ ጠባሳ ብታዩ አትደንግጡ) በዛ በኩል በፍጹም አይተኛም፣ አይነካምም። ከጭንቅላቱ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ካለው ደሞ አልጋውን ራሳችሁ ከፍ ዝቅ አታርጉ፣ የፈሳሹ መጠን የሚወሰነው በከፍታው ስለሆነ ነርስ ጥሩ።

እጅና እግሩን ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሳያችሁ በቀን ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ፣ የእግሩ መዳፍ ወደታች ተዘርግቶ እንዳይደርቅ ቀጥ አርጋችሁ ደግፉት። በደከመው እጁ ጎትታችሁ አታንሱት፣ ትከሻው ይወልቃል። ካልነገሯቸው ወንድ ዘመዶች በቅንነት ብድግ የሚያረጉት በዛ እጅ ነው።

አናግሩት

ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ የሚያውቀውን ድምጽ ሲሰማ አእምሮው ላይ ለውጥ የታየባቸው ታማሚዎች አሉ። ስለዚ እንደሚሰማ ቆጥራችሁ አውሩ። ምን ልበል ለሚል፣ ሁሌ የምትሉትን በሉ። ስሙን ጠርታችሁ፣ "እኔ ነኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሆስፒታል ነህ፣ ኦፕራሲዮን ተደርገሃል፣ አሁን ጎንህን ላዞርህ ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ከዛ ጎረቤት ስለሰራው አጥር፣ ልጁ ፈተና ስንት እንዳመጣ፣ ቡና ወይ ጊዮርጊስ ስንት ለስንት እንደወጡ። አጭር ይሁን፣ ከዛ ጸጥታ ስጡት፣ እረፍትም መድሃኒት ነው። ቀኑን ሙሉ መዝሙር ወይ ሬዲዮ ጆሮው ላይ መክፈት አያስፈልግም።

ከልጆቹ ድምጽ ስልክ ላይ ቀድታችሁ ማሰማት ይቻላል። ልጆቹን ራሳቸውን ከማምጣታችሁ በፊት ግን ምን እንደሚያዩ ንገሯቸው፣ ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ፊቱ አብጧል፣ አፉ ላይ ቱቦ አለ በሏቸው፣ ካልፈለጉም አታስገድዱ።

ጠያቂን በተመለከተ፣ የኛ ሰው መልካም ነው፣ የታመመ መጠየቅ ባህላችን ነው፣ ግን አልጋው ዙሪያ ስምንት ሰው ቆሞ "አይ ምነው እንዲህ ሆንክ" እያለ ሲያለቅስ ለሱም ጥሩ አይደለም፣ ኢንፌክሽንም ይመጣል። ጉንፋን የያዘው አይግባ፣ የገባው እጁን ይታጠብ፣ አንድ ወይ ሁለት ሰው በተራ። ማልቀስ የመጣበት ኮሪደር ይውጣ፣ "አይተርፍም አሉ" የሚል ወሬም እዛው ኮሪደር ይቅር። ይሄን ለዘመድ መንገር ለሚስት ከባድ ስለሆነ ለቃል አቀባዩ ስጡት፣ "ሀኪሙ ከልክሏል" ይበል።

እጄን ጨበጠኝ

ይሄን ሁሉም አስታማሚ ይላል፣ ያን ቀን ያለውን ደስታ አውቀዋለሁ። ግን መዳፉ ላይ ጣታችሁን ስታስቀምጡ መጨበጥ ልክ የተወለደ ህጻን እንደሚያደርገው በራሱ የሚመጣ ነገር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማየት "ጨብጠኝ" አትበሉት፣ እሱ እጃችሁን ከጨበጠ በኋላ "ልቀቀኝ" በሉትና ጠብቁ። ወይም "ሁለት ጣትህን አሳየኝ"፣ "አውራ ጣትህን አንሳ" በሉት። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፣ አስር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ ታገሱ፣ አእምሮው ቀርፋፋ ነው፣ ሶስቴ ስትደጋግሙበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ካደረገው ሌላ ጊዜ ድገሙትና ደብተሩ ላይ ከነሰአቱ ጻፉት፣ በቪዲዮ ቅዱትና ለሀኪሙ አሳዩት። ሀኪሙ ራውንድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያየው፣ እንደዚህ አይነት ታማሚ ደሞ አንድ ሰአት ነቅቶ ሌላ ሰአት የለም፣ እና የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። በአይኑ ሰው መከተል፣ መስታወት ሲያሳዩት ፊቱን መከተል፣ ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

አይን መግለጥ ብቻውን ግን መንቃት አይደለም። ትክክለኛው ኮማ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ያበቃል፣ ከዛ አይኑን ይገልጣል፣ ይተኛል ይነሳል፣ ግን ምንም የማይከታተል ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እዛ ጋ የሚቀሩ አሉ፣ ቀስ ብለው የሚወጡም አሉ። ጉዳቱ ከአደጋ የመጣ ከሆነ ወራት ቆይቶም የሚሻሻል ሰው አለ፣ ልቡ ቆሞ ኦክስጅን አጥሮት ከሆነ ግን ተስፋው ቶሎ ይጠባል። ሀኪሙን "ለዘመድ የሚነገረውን ሳይሆን ለኔ እውነቱን ንገረኝ" ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩበት ቀጠሮ ያዙ። ቱቦው አፉ ውስጥ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ እንክፈት ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ትራኪዮስቶሚ ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ አፉን ያሳርፈዋል፣ አክታውንም ለማውጣት ይቀላል፣ ብዙ ጊዜም በኋላ ይዘጋል።

ሲነቃ የሚመጣው ሌላ ሰው ይመስላል

ይሄኛው ክፍል ነው ሚስቶችን የሚሰብራቸው። ነቅቶ ይሳደባል፣ ቱቦውን ይነቅላል፣ ይማታል፣ እናንተን በእህቱ ስም ይጠራል፣ ከሞቱ አስር አመት የሆናቸውን አባቱን ጥሩልኝ ይላል፣ ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ አርጎ ያወራል። አልከፋባችሁም፣ አልጠላችሁም፣ ያበደም አይደለም። አእምሮው ከኮማ ሲወጣ የሚያልፍበት ደረጃ ነው፣ አዲስ ነገር መያዝ ስለማይችል ሁሌ ግራ ይገባዋል፣ ግራ የገባው ሰው ደሞ ይፈራል። አትከራከሩት። መብራቱ ቀነስ፣ ቲቪው ጠፋ፣ አጠገቡ አንድ ሰው ብቻ፣ ድምጽ ዝቅ። "አባትህ ሞተዋል እኮ" ከማለት "አባትህ ናፍቀውሃል አይደል" በሉና ወደ ሌላ ወሬ ውሰዱት። እጁን በጓንት ወይ በለስላሳ ነገር ቢያስሩት ጭካኔ አይደለም፣ ቱቦውን ነቅሎ እንዳይጎዳ ነው፣ ግን ለምን ያህል ሰአት እንደሆነና ማን እንደሚያየው ጠይቁ። በድንገት ከባሰበት ደሞ ሽንቱ ታግዶ ወይ ትኩሳት ኖሮት ወይ የሚያመው ቦታ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል ንገሩ።

መርዶ ካለ፣ አደጋው ላይ አብሮት የነበረ ሰው ሞቶ ከሆነ፣ አትቸኩሉ። እኛ ጋ መርዶ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቦ ነው የሚነገረው፣ ለዚህ ሰው ግን ያ አይሰራም፣ ዛሬ ብትነግሩት ነገ ረስቶት እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ስትነግሩት እንደ አዲስ ነው የሚያለቅሰው፣ በየቀኑ መርዶ ማለት ነው። ትናንት የሆነውን ዛሬ ማስታወስ እስኪጀምር ጠብቁ፣ ከሀኪሙ ጋር ተማከሩ፣ ሲነገረውም የሚያምነው አንድ ሰው ይንገረው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ አይነት መልስ ይስጥ፣ አንዱ ደህና ነው ሌላው ሞቷል ካለው እናንተንም ማመን ያቆማል።

ግራው የአእምሮ ክፍል ከተጎዳ ቃል ሊጠፋበት ይችላል፣ ምን ማለት እንደፈለገ ያውቃል አፉ ግን ሌላ ቃል ያወጣል። አትጨርሱለት፣ አዎ ወይ አይ የሚባል ጥያቄ ጠይቁት፣ በእጁ ያሳይ፣ ፎቶ ተጠቀሙ። ልጅ ሆኖ ኦሮምኛ ወይ ጉራጊኛ ሲናገር ያደገ ከሆነ በሱም ሞክሩት፣ አንዳንዱ በሱ ይቀለዋል።

ምግብ በአፍ የሚጀመረው መዋጥ መቻሉ በባለሙያ ከታየ በኋላ ነው፣ ደሞ ቀጭን ውሃ ከሁሉም ከባድ ነው፣ ወፈር ባለ ነገር እንደ እርጎ ባለ ይጀመራል፣ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን ዝቅ አርጎ፣ በትንሽ ማንኪያ።

ቤት ከመጣ በኋላ

መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው የሚፈጥነው፣ ከዛ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ከዚህ በኋላ የሚከብደው ነገር የማይታይ ነው፣ ድካም፣ መርሳት፣ ቶሎ መናደድ፣ ነገር ለመጀመር አለመፈለግ። ሰው "ድኗል እኮ፣ ምን ሆኗል" ይላል፣ እናንተ ግን ታያላችሁ። ቀኑን አንድ አይነት አርጉለት፣ መነሻ፣ ቁርስ፣ እንቅስቃሴ፣ የቀን እንቅልፍ፣ መድሃኒት በስልክ አላርም።

መድሃኒቱን በተለይ የሚጥለውን የሚከላከለውን (ፌኒቶይን፣ ኬፕራ ምናምን) "ድኗል" ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ በድንገት ሲቆም ነው ከባድ መንቀጥቀጥ የሚመጣው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የእብጠት መድሃኒትም ከነበረ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። በጾም ምክንያት የጠዋቱ ዶዝ አይዘለል፣ ለታመመ ጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባቱ ይንገሩት፣ ከናንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ጸበል ቦታ መውሰድ ከፈለጋችሁም መድሃኒቱን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድሃኒቱንም አብረው መውሰድ ይችላሉ ብለው በግልጽ አስተምረው ነበር፣ ለዚህም ያው ነው። አልኮልና ጫት ይቅር፣ መኪና መንዳት ሀኪም እስኪፈቅድ የለም።

መስሪያ ቤቱን በተመለከተ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የህመም ፈቃዱ እስከ ስድስት ወር ነው፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሶስት ያለ ክፍያ። ስለዚ የህክምና ማስረጃውን ቶሎ አውጥታችሁ ለድርጅቱ አስገቡና ቅጂውን ያዙ። ራሱን የሳተ ሰው ውክልና መስጠት አይችልም፣ በስሙ ያለ ሂሳብ ወይ ንብረት የግድ ካስፈለገ የህግ ባለሙያ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ነው፣ ቀን ይወስዳል፣ ቶሎ ጀምሩት።

እናንተስ? "ምን ልርዳሽ" ለሚል ሰው "እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም" አትበሉ፣ ስራ ስጡት። "ሀሙስ ማታ አንተ እደርለት፣ እኔ ቤት ልተኛ"፣ "ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጪልኝ"። እድሩም ለቅሶ ብቻ አይደለም፣ ስንት እድር ለታመመ አባል ይረዳል፣ ሊቀመንበሩን ጠይቁ። ከሚስትነት ወደ አስታማሚነት ስትገቡ የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ እያለ የሚናፍቃችሁ ጊዜ ይመጣል፣ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ለንስሐ አባትም ለጓደኛም ለሀኪምም አውሩት።

የሚቀጥሉትን ካያችሁ ደሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፦ ከትናንቱ ይልቅ እንቅልፍ ከበዛበትና ለመቀስቀስ ከከበደ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር፣ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ የእጅ ወይ የእግር ድክመት፣ ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር፣ ከቁስሉ ወይ ከአፍንጫው እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ፣ የተነሳው አጥንት ቦታ ላይ አዲስ እብጠት። የመጨረሻውን ሲቲ ስካን፣ የመውጫ ወረቀቱንና የመድሃኒቱን ዝርዝር በር አጠገብ አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት፣ ሌሊት ስምንት ሰአት ላይ ፈልጉ ቢባል አይገኝም።